ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት የምንሠራ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ወገን፣ ከአራተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጥኩ፣ ባሌ ጥሎኝ ሄዶ አንዲት ሴት ልጅ ብቻዬን የማሳድግ። ሁለተኛዋ ከከተማው ዳር ካለ መንደር በእግሯ የምትመላለስ የበርታ ሴት ነበረች። ማንበብና መጻፍ አትችልም። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። ከሁለታችን አንዷ ቋሚ እንደምትሆን ተነግሮን ነበር። የተፈቀደው ቦታ አንድ ብቻ ነው።

እኔ ቦታው የእሷ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ክልሉ የእነሱ ነው፤ ለተወላጅ ቅድሚያ ይሰጣል የሚለውን ነገር በየስብሰባው እንሰማለን። እኔ ከሥራው ብወጣ ልጄን ይዤ ወደ ሰፈራው መንደር ከመመለስ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ከአራተኛ ክፍል በላይ አያስተምርም። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ እሷም ቆማ ትታየኝ ነበር። ወለል እየወለወልኩ የማስበው ይህንኑ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዶለት ይኖራል። እዚያ ክፍል ማንም ጫማ አድርጎ አይገባም። ኃላፊው ራሳቸው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ አውራ ጣታቸው በተቀደደው ካልሲ ብቅ ብሎ ሲገቡ፣ ሁላችንም አይተን እንዳላየን እንሆናለን። ማሽኑን የምትነካው አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥና የመጣችው ጸሐፊ ብቻ ናት። እትዬ እንላታለን። ሥራ ስትጨርስ እንደ ሙሽራ በዳንቴል ትሸፍነዋለች።

ይህ ማሽን መጥፋት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እትዬ እየጻፈችበት ድንገት ድርግም ይልና ራሱ ተመልሶ ይነሳል። የጻፈችው ግን አብሮ አይነሳም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይሆን ይውላል። ያን ጊዜ ክፍሉን በምሳ ሰዓት የማጸዳው እኔ ነበርኩ።

«አንቺ! በእርጥብ ጨርቅ ነክተሽዋል አይደል?»

«ኧረ እትዬ! ወለሉን እንጂ እሱን አልነካሁም።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ባለጉዳዮች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ዘረጋሁላት። መዳፌን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ይሄ እጅ ነው ወይስ የሞፈር እንጨት?» አለች። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ክፍሉ ከመግባቴ በፊት ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ፊቷ ቆሜ መዳፌን ማሳየት ግዴታዬ ሆነ። አንዳንዴ ስልክ እያወራች ታቆመኛለች፤ እጄን እንደዘረጋሁ ወሬዋን እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ኃላፊውን ለብቻቸው አግኝቼ፣ «ጌታዬ፣ ማሽኑን እፈራዋለሁ፤ ለእሷ ይስጧት» አልኳቸው። «ተለዋወጡ እንግዲህ» አሉ። ኮምፒውተሩ ክፍል ለእሷ ሆነ፤ ኮሪደሩ፣ ሽንት ቤቱና የእትዬ ሻይ ለእኔ።

እሷ ደስ አላት። በባዶ እግሯ ምንጣፉን ስትረግጥ ትስቃለች።

«ይሄ ቤት ከኔ ቤት ይበልጣል» አለችኝ። «ሰው የለም። እቃ ብቻ ይተኛል።»

ማሽኑ ግን መጥፋቱን አላቆመም። አሁን ደግሞ የምትጠየቀው እሷ ሆነች። የሀገሯ ሴቶች የሚቀቡትን ሽታ ያለው ቅባት ትቀባ ነበርና እትዬ እሱን ያዘች።

«ዛሬስ ስንት ኪሎ ተቀብተሽ መጣሽ? ማሽኑ እኮ ታፍኖ ነው የሚሞተው!»

«ቅባት ለራስ ነው፤ ለእቃ አልቀባ። ወላሂ አልነካ። አንተ ራስህ እይ።»

«አንተ ትለኛለች! ጺም አበቀልኩ እንዴ?»

ኮሪደሩ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። የተሳቀው በእኔ ስላልነበረ እጄ እንኳ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ባለሙያ በአውሮፕላን መጣ። እዚህ ላይ ስለ ምድጃው መናገር አለብኝ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ገመድ ተቃጥሎ ስለነበር በየቢሮው ምድጃ መሰካት ተከልክሏል። እትዬ ግን በቢሮዋ ጠረጴዛ ሥር አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረቻት። የቢሮዋ ሶኬት አይሠራም። ስለዚህ ማከፋፈያ ገመድ ግድግዳው ላይ ባለች ቀዳዳ አሾልካ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ኮምፒውተሩ ከተሰካበት ሶኬት ላይ ሰክታዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷ ወዲያኛው ክፍል ስትጽፍ፣ እኔ ወዲህ ምድጃውን ሰክቼ ሻይ አፈላለሁ። ከመለዋወጣችን በፊት ይህ የበርታዋ ሴት ሥራ ነበር። ባለሙያው የሚደርስ ዕለት ጠዋት ጠራችኝና፣ «ምድጃውን ካቢኔት ውስጥ ቆልፊበት። ገመዱንም ሰብስቢ። እንግዳው እስኪሄድ ሻይ የለም» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ።

ባለሙያው ሦስት ቀን ቆየ። የማሽኑን ክዳን ፈትቶ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ። ውስጡ ያሉትን ገመዶች እየነቀለ መልሶ ሰካ። የመብራቱን ገመድ በሌላ ለወጠው፤ ኮረንቲውን ያመጣጥናል የሚባለውን ስታቢላይዘርም ፈተሸ። በሦስቱም ቀን ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። «ጤነኛ ነው» አለ እጁን እየጠረገ። «ችግሩ የሰው እጅ ነው።» ኃላፊው ዞር ብለው በር ላይ ጨርቅ ይዛ የቆመችውን አዩ።

ባለሙያው በሄደ ማግስት ገመዱን እንደነበረው መልሼ ዘረጋሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድጃውን ከካቢኔት አውጥቼ ሰካሁት። ከግድግዳው ወዲያ ስታቢላይዘሩ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወዲያው እትዬ፣ «ወይኔ! ጠፋ!» ብላ ጮኸች። እጄ ገና ከማከፋፈያው ላይ አልተነሳም ነበር።

 ከዚያ ለራሴ፣ ዝም ብሎ የተገጣጠመ ነገር ሊሆን ይችላል አልኩ። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ ሁለት ጊዜ ተመልሼ የማይ፣ የልጄን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥቼ ቆጥሬ የምመልስ ነኝ። ይህንንም እንደዚያው ላረጋግጠው አሰብኩ።

በመጀመሪያ የሻይ ቅጠል አልቋል ብዬ ሁለት ቀን ሳላፈላ ቆየሁ። ማሽኑ ሁለቱንም ቀን ደህና ዋለ። ቀጥሎ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ቀደም ብዬ ላፍላልዎ?» ብዬ ሰካሁ። ቀጭ። «ወይኔ!»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃዋል። እኔ ግን ብናገር ምን እንደሚመጣ ማውጣት ማውረድ ጀመርኩ። ምድጃው የእትዬ ነው፤ እጁ የእኔ ነው። እትዬ አላዘዝኳትም ብትል ማን ያምነኛል? ያንን ሁሉ ወር የሰካሁት እኔ ነኝ። ቦታው ደግሞ አንድ ነው። አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክር፣ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ሳልሆን ሰው ላይ አፍ መክፈት ነውር ነው አልኩ። ለራሴ የነገርኳት ይህችን ነበር።

የሞከርኩበትን ቀን እኔ ነኝ የመረጥኩት። እትዬ የዓመቱን ዕቅድ ሦስት ቀን ስትጽፍ ቆይታ በዚያን ቀን ልትጨርስ ነበር፤ በማግስቱ በሚሄደው መኪና ይላካል ተብሏል። ኮሪደሩን ስወለውል ኃላፊው ጫማቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው፣ «ደረሰ? ደረሰ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድጃውን ሰካሁ።

በዚያን ቀን እትዬ አልጮኸችም።  ስታለቅስ ተሰማኝ። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ ሦስት ቀን የተጻፈው ሁሉ አልከፈት ብሏታል። ምድጃውን ነቅዬ፣ ሻዩ ሳይፈላ፣ መወልወያዬን አንስቼ ወደ ሽንት ቤቱ ሄድኩ።

የበርታዋን ሴት ኃላፊው ያባረሯት በዚያው ቀን፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ነው። ጊዜያዊ ስለነበረች ደብዳቤ እንኳ አላስፈለጋትም። ጨርቁን ከእጇ ተቀበሏትና፣ «ነገ እንዳትመጪ» አሏት። ጨርቁን ያዩት ዘንድ መልሳ ከእጃቸው ወሰደችና ዘረጋችላቸው።

«ደረቅ ነው። ንካ። ደረቅ።»

ማንም አልነካውም።

ቅዳሜ ጠዋት ማንጎ በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከቻ እንድጽፍላት ነው።

«አንተ ትጽፋለህ፤ ያንተ አማርኛ ያውቃሉ» አለችኝ። «ጻፍ። እኔ አልነካ። ጨርቅ ደረቅ ነው። ሌላ ነገር አለ። ክፍሉን ይፈትሹ፣ ግድግዳ፣ ገመድ፣ ሁሉ ይፈትሹ። እንደዚህ ጻፍ።»

ልጄ ከደብተሯ መሀል አንድ ሉክ ወረቀት ቀድዳ ሰጠችኝ። ማንጎውን ልታጥብ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔ እስክርቢቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከፈተሹ ቀዳዳውን ያገኛሉ፤ ገመዱን ይዘው ምድጃው ጋ ይደርሳሉ፤ ምድጃውን ይዘው እኔ ጋ። ስለዚህ የጻፍኩት ሌላ ነው። በእሷ ስም፣ «ባለማወቅ በእርጥብ ጨርቅ ስለነካሁ ጥፋቴ ታይቶ ይቅርታ እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከተከራካሪ ይልቅ ይቅርታ ለሚለምን ይራራሉ፣ ለእሷም የሚሻለው ይሄ ነው እያልኩ ነበር የምጽፈው። ይህን ያመንኩት እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ ብቻ ነው።

«ሁሉ ጻፍክ?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

የማኅተም ቀለም ስላልነበረን አውራ ጣቷን በእስክርቢቶ አጥቁሬ፣ እጇን በእጄ ይዤ ወረቀቱ ላይ አስጫንኳት። ጣቷ ሰፊና ጠንካራ ነበር። አመሰገነችኝ። በአማርኛ ስላልበቃት በቋንቋዋም ጨመረችበት።

ሰኞ ኮሚቴው ሁለታችንንም አስጠራን። እኔን የጠሩኝ ማመልከቻውን የጻፍኩላት እኔ ስለነበርኩ ነው። ኃላፊው ማመልከቻውን ጮክ ብለው አነበቡት። «ባለማወቅ በእርጥብ ጨርቅ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ገባት። ዞራ አየችኝ።

«ምን ጻፍክ?»

 ኃላፊው ወረቀቱን አዙረው አሳዩአት። «ይሄ ጣት ያንቺ አይደለም?»

አውራ ጣቷን አየችው። ጥቁረቱ ገና አልለቀቀም ነበር።

«ጣት የኔ ነው» አለች። «ወሬ የኔ አይደለም።»

እትዬ ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኃላፊው ወደ እኔ መጡ። «ያለችሽን ነው የጻፍሽው?»

«አዎ ጌታዬ፣ ያለችኝን ነው።»

አልተሳደበችም፤ አላለቀሰችም። «እሺ» አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች። በኮሪደሩ ስትሄድ አዲስ የወለወልኩትን እርጥብ ወለል ላለመርገጥ በዳር በዳሩ ነበር የምትራመደው።

የቋሚነት ደብዳቤዬ በዚያው ወር ደረሰኝ። ልጄ አራተኛ ክፍልን አልፋ ቀጠለች፤ የደረሰችበት ደረሰች። እናቷ በምን እንዳሳደገቻት ጠይቃኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ምድጃውን እትዬ እየጻፈች አልሰካሁም። በሩን ቆርቁሬ፣ «እትዬ፣ ጨርሰዋል? ሻዩን ላድርስልዎ?» እላለሁ፤ ማሽኑን አጥፍታ ዳንቴሉን ስታለብሰው ያኔ እሰካለሁ። ኮምፒውተሩም እኔ እዚያ እስከሠራሁ ድረስ በዚያ ዓይነት ዳግመኛ አልጠፋም። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ማስረጃ ወሰደው።

«አላልኳችሁም?» ትላለች እትዬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ። «እሷ ከወጣች ጀምሮ አንድ ቀን ድርግም ብሎ አያውቅም። ውሸቴን ነው?»

«እውነትዎን ነው እትዬ» እላታለሁ ሻዩን እየቀዳሁ።