ጀማል ያላየው ቀይ ክብ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዋጥኩት። ለእናንተ የምነግራችሁ ስሜን ስለማታውቁት ነው፤ ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

ጭሮ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የሚኒባስ ሾፌሮችን ንቃት ለካሁ። ሾፌሩ ላፕቶፕ ፊት ይቀመጣል፤ ቀይ ክብ ሲበራ ቁልፍ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ለመጫን የፈጀበትን ጊዜ ይይዛል። ይኸው ነው።

ጀማል የበደሳ መስመር ሾፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች። እንደሱ እጀ ፈጣን አላየሁም። ግን መሀል ላይ ክቡ ይበራል፣ እሱም አፍጥጦ ያያል፣ ጣቱ ግን አይንቀሳቀስም። ተኝቶ ነው እንዳልል አልተኛም። ቀዩ ክብ ብሌኑ ላይ ሲያበራ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ለምን አልተጫንክም?» አልኩት።

«ምኑን? ወላሂ፣ ምንም አልበራም» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ሆነ። ሐኪም ጋ ሂድ ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? እኔ ግን የምላሽ ፍጥነቱን ሳሰላ ያልተጫነባቸውን ባዶ መስመሮች ከሠንጠረዡ ሰረዝኩ። አዎ፣ እኔ ሰረዝኩ። ባዶዎቹ ከተቆጠሩ ውጤቴ ይበላሻል፣ አማካሪዬም ድገሚው ይለኛል ብዬ ፈራሁ። «ኮምፒውተሩ ስቶ ነው» ብዬም ጻፍኩ። አለመሳቱን አውቅ ነበር። የተጫነባቸው ብቻ ሲቀሩ ጀማል ከሁሉም በለጠ። «አንተማ አንደኛ ነህ» አልኩት፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። መናኸሪያውን ሁሉ እየዞረ አወራው።

ወራት አለፉ። ጀማል በጠራራ ፀሐይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ከገበያ የምትመለስ እናት ገጭቶ ገደለ። ፍሬን አልያዘም። ችሎቱን ኋላ ተቀምጬ ተከታተልኩ። ዳኛዋ ሲጠይቁት «ወላሂ፣ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም» አለ። የሟቿ ልጅ «ውሸታም!» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ። ምንም አልበራም ያለኝ በዚያው ድምፅ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አለመዋሸቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ይዤ ወጣሁ።

አሁን አስፋልት ስሻገር የሚመጣውን ሾፌር ዓይን አያለሁ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ግን ያየኛል? ወይስ ለእሱ የለሁም?

ባለፈው ማረሚያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁት። ከስቷል። «እህቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ፤ «አንደኛ ነበርኩ አይደል? እስቲ ንገሪያቸው።»

«አዎ» አልኩት። አሁንም ዋሸሁት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ጀማልንና የሟቿን ልጅ ነበር። ሁለቱም እዚሁ ጭሮ፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ አሉ፤ እኔ ግን ለእናንተ ጻፍኩ።