ከሹራቤ እጅጌ የተተረተረው ክር

አቃቂ በሰቃ ካለው ሱቄ የተቃጠለ ዲናሞ እየጠመጠምኩ ሳለ ታጣቂዎች ወስደው አሰሩኝ። ያስገቡኝ ክፍል ላብና ሽንት ይሸታል። ጥጉ ላይ አንድ መምህር ጉልበቱን አጥፎ ተጋድሟል። በምርመራ ላይ የዘር ፍሬውን ረግጠውታል።

ካገባ ሦስት ወሩ ነው። እብጠቱ ጎድሏል፣ ጭንቀቱ ግን አልጎደለም። በማግስቱ ሚስቱ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ሌላ እንድታገባ ሊነግራት መቁረጡን አጫወተኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሆኖም ሳሪስ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ጨርሼዋለሁ። ስለ ዘር ፍሬ የሚያወራውን ምዕራፍማ ወረቀቱ እስኪሳሳ ነው ያነበብኩት። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም።

እሷ የሠራችልኝን ሹራብ እጅጌ ተረተርኩ። ክሩን ጣቴ ላይ እየጠመጠምኩ፣ ደም ወሳጁ ሥር ከሆድ ወደ ዘር ፍሬው ወርዶ እንደ ዲናሞ ሽቦ እንደሚጠማዘዝ፣ ደሙን የሚመልሱት ሥሮችም ዙሪያውን ተጠላልፈው እንደሚያቀዘቅዙት አሳየሁት። ዘር ሙቀት አይወድም። ከዚያ የመጥረጊያ ስንጥሮች ደረደርኩ፤ ዘሩ የሚሠራባቸው ቱቦዎች ናቸው። ከጸጉር የቀጠኑትን ሥሮች በመካከላቸው በክሩ እንደ ገመድ መሰላል አሰርኳቸው። ደሙ ቱቦው ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ ሆኖ ይቀልበዋል።

«ዲናሞ ጠምጣሚው ሐኪም ሆነ» አለ አብሮን የታሰረ አንድ ነጋዴ።

«ሐኪም ቢያየኝ ይማር ነበር» አልኩት።

መምህሩ አልሳቀም። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጅ እወልዳለሁ?»

ተጠይቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። «አዎ» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ትዝ አለችኝ፤ «ይመጣል» እያልኩ ስንት ዓመት አኑሬያታለሁ።

«አላውቅም» አልኩት። «ይህንኑ ንገራት። የምትወስነው እሷ ናት።»

ጠዋት ፊቱን ታጠበ፣ ሸሚዙን አራግፎ ለበሰ። ሲጠራ ግድግዳ ተደግፎ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን ለቀቀና ቀጥ ብሎ ወጣ። ሲመለስ የመጣለትን ምሳ ለሁላችንም አካፈለ። «እጠብቃለሁ ብላለች» አለ።

እኔ ቀድሜው ተፈታሁ። ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ብቻዬን እኖራለሁ። ታክሲ ውስጥ ልጅ ያቀፈ ሰው ባየሁ ቁጥር እሱ ይሆን እያልኩ ፊቱን አያለሁ። ባለቤቴ እጅጌውን ልትቀጥልልኝ ተመሳሳይ ክር ስትፈልግ ኖራ፣ ሳታገኝ አረፈች። ሹራቡን አሁንም እለብሰዋለሁ። አንድ ክንዴን ይበርደኛል።