ሰጋቱራ የዋጠው ጡሩምባ

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለችው ሰፈር፣ ሰው የሚሞተው አገኘሁ ሲነፋ ነው። ሐኪም ሞተ ቢል፣ ዘመድ ቢንሰቀሰቅ፣ የአገኘሁ የእድር ጡሩምባ እስኪሰማ ድረስ ሰውየው ታሟል ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ጎህ ሲቀድ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣና ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ በሦስተኛው መጨረሻ ላይ ድምፁን እንደሚያለቅስ ሰው ሰበር ያደርገዋል። ያቺን ስብራት የሰማ ሁሉ ያገኘውን ለብሶ፣ አካፋውን ይዞ ይወጣል። ጡሩምባዋን ከእሱ በፊት አባቱ ነፍተዋታል። በዚህ ዓለም ከሚስቱ ከእቴነሽ ቀጥሎ የሚወደው እሷን ነው፤ እቴነሽ ግን "ቀጥሎ" የምትለዋን ቃል አታምናትም።

እንጀራው አናጢነት ነው። ከቤቱ ጎን በተቀጠለች አንዲት ክፍል ውስጥ በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ይሠራል፤ የሠራው በር ደግሞ ክረምት ከበጋ አይጣመምም። ይህ የሆነበት ምክንያት ነው ሰውየውን ሊያስጨርሰው የነበረው። ሐምሌ ሲገባና ከጉና ብርዱ መውረድ ሲጀምር፣ አገኘሁ እርጥበት እንጨቱን እንዳይነካበት የክፍሉን መስኮት በሚስማር ይመታል፤ በሩን ዘግቶ ከሥሩ ጆንያ ይወትፋል። ከዚያ የኤሌክትሪክ መላጊያውን ያስነሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ቫርኒሹን እዚያው ይቀባል። ለእንጨት የተጨነቀውን ያህል ለደረቱ ቢጨነቅ ምን ነበረበት! ማታ ሲወጣ ከነቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ዱቄት ውስጥ ያደረ አይጥ መስሎ ነው። የቫርኒሹ ሽታ ራሱን ስለሚያዞረው ደግሞ አጥር አጥሩን እየተደገፈ ይገባል፤ ጎረቤት ሰክሯል ይላል።

መስኮቱን ክፈት፣ አፍንጫህን ሸፍን ስትለው ለእቴነሽ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ወተት። ሙያውን ያስተማሩት አያ ንብረት፣ የሰፈሩ የአናጢዎች ሁሉ አባት፣ አቧራ የሚፈራ ላም የሌለው ነው ይሉት ነበር። ሥራ ሲያበቃ አንድ ጣሳ ወተት ግጥም ነው፤ ወተቱ ብናኙን ሰብስቦ ይዞት ይወርዳል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ወተቱ በአረቄ ይተካል፤ አረቄ ደግሞ ያቃጥለዋል። አያ ንብረት ዛሬ አርጅተው አልጋ ላይ ውለዋል፣ ያስላቸዋል፤ ታዲያ እርጅና ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ይባላል። አገኘሁም በመምህሩ ትምህርት ጸንቶ የላሚቱን ወተት ይጨልጣል። ጥጃዋ ጎድኗ እስኪቆጠር ከሳች፤ እሱም መሳሉን አልተወም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንዲት መነኩሲት አረፉ። አገኘሁ እንደ ልማዱ ወጣና ጡሩምባዋን አፉ ላይ ደገነ፤ የወጣው ግን የታመመች ፍየል ድምፅ ነው። ደገመ። በዚህኛው ሳል ያዘውና ጡሩምባዋን ጭቃ ላይ ጥሎ አጥር አቅፎ ቀረ። የሰማም አልነበረም፤ የሰማውም የፍየል ባለቤት ይፈልጋት ብሎ ተገልብጦ ተኛ። መቃብር ቆፋሪ ጠፋ፣ ካህናቱ በዝናብ ቆሙ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርፍደው የማያውቁት ሴትዮ ለገዛ ቀብራቸው አረፈዱ።

የእድሩ ሰብሳቢ ሙሉሐብት የአገኘሁ የልጅነት ጓደኛ ነው። ቢሆንም እድር እድር ነውና መጥቶ ጡሩምባዋን ተረከበ። ለጊዜው ፈንታሁን በአደራ ይይዛታል፣ እስከ መስቀል ደረትህ ካልተመለሰ ግን ለእሱ መስጠቴ ነው አለው። አደራው ያረፈበት ፈንታሁን መናኸሪያ ተራ የሚያስከብር ጎረምሳ ነው፤ ወረታ ብሎ ሲጣራ ወረታ ድረስ ይሰማል ይባልለታል። ሙሉሐብት ግን ጓደኛው ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ ነገሩን ለእድርተኛው አልተናገረም። ይቺ ደግነት ኋላ ጉድ ታመጣለች። አገኘሁ በዚያ ቀን ሙሉሐብት በሩን ዘግቶ እስኪወጣ ጠብቆ አለቀሰ።

በማግስቱ እቴነሽ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ገነት የምትባለው ነርስ ደረቱን አዳመጠች፤ እሱም የወተቱን ነገር በኩራት አስረዳት። እሷ አልሳቀችም። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ሳንባ ሌላ ቤት ነው፣ በሩም ሌላ ነው አለችው። መስኮቱ ይከፈት፤ የሚቻለው ሁሉ ነፋስን ከኋላ አድርጎ ደጅ ይሠራ፤ ሰጋቱራው በደረቁ አይጠረግ፣ ውሃ ይረጭበት፤ የሥራ ልብስ ከቤት አይግባ። ጨርቅ ማሰር ለደቃቁ ብናኝ እምብዛም ነው፣ ለቫርኒሹ ሽታማ ከነጭራሹ አይረዳም፤ ፊት ላይ የሚገጥም፣ ለሁለቱም የሚሆን ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። አገኘሁ ግማሹን ጤና ጣቢያው በር ላይ ረሳው። እቴነሽ ግን ምን ሲደረግ ትረሳለች!

በዚያው ዕለት የመስኮቱን ሚስማር በገዛ መዶሻው ነቀለችው። መሥሪያ ጠረጴዛውን ከነኮተቱ ጓሮ ወዳለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር አስወጣችው። ከባሕር ዳርም ጭምብሉን አስመጣች፤ ግራና ቀኝ ክብ ክብ ጉንጭ ያለው፣ አፍና አፍንጫ የሚውጥ ነገር ነው። አገኘሁ አገላብጦ አየውና ቅዱስ መጽሐፍ ጠቀሰባት።

"የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ይላል።"

"በሬው እኮ እንዲበላ ነው። አንተ ሰጋቱራ ልትበላ ነው?" አለችው።

ጭምብሉን አጠለቀው። ለነፍሱ እንቢ ያለ ሰው ለጡሩምባው ሲል ታዘዘ። ፍልሰታ ገብቶ ወጣ፣ ዘመን ተለወጠ፣ ሳሉም እያደር ቀለለለት። የእድር ጡሩምባ ግን ልሞክረው ተብሎ የሚሞከር ዕቃ አይደለም፤ አንዴ ጡ ካለ ሰፈሩ ድንኳን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ደረቱ መመለሱን በምን ይወቀው? ፈንታሁንም ቢሆን ያው ነው፤ አደራውን አልጋው ሥር አድርጎ፣ አንዴም ሳይለማመድ፣ ሰው እንዲሞት እየተመኘ ለዚህም ንስሐ እየገባ ሰነበተ።

ለመስቀል ጥቂት ሲቀረው አንድ ጎህ ላይ ፈንታሁን ቀናው። ሙሉሐብት ቀስቅሶ የሟቹን ስም ነገረው፤ ልጁ ጡሩምባዋን ይዞ ተፈተለከ። በሙሉ ጉልበቱ ነፋ። ረዥም የለ፣ ስብራት የለ፣ አውቶቡስ ወደኋላ ሲመለስ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። በደስታና በድንጋጤ መሀል ደግሞ የሟቹን ስም መጥራት ረሳና ዝም ብሎ እየነፋ ሰፈሩን ዞረ። ሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ አሰበ። ሞት አለ፣ የነፋው ግን አገኘሁ አይደለም። አገኘሁ ደግሞ በሕይወት እያለ ጡሩምባዋን ለማንም አይሰጥም። እንግዲህ የሞተው ማን እንደሆነ ይህ ይጠየቃል?

ድንኳኑ ከእድር ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ አገኘሁ ደጅ ተጫነ። እቴነሽ ኪዳን ልታደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። አገኘሁ ጠፍቶ የከረመው መብራት ጎህ ላይ ስለመጣለት ጓሮ ጥላው ሥር መላጊያውን እያስጮኸ ነው፤ ጡሩምባም አልሰማ፣ ሰውም አልሰማ። መብራቱ መልሶ ድርግም ሲል ጸጥታው ውስጥ የሴት ልቅሶ ሰማ። በቤቱ ጥግ ብቅ ቢል ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ ጎረቤቱ ብርቱካን ነጠላዋን አደግድጋ ታሞሻለች።

"የሠራው በር ቆሞ ሠሪው ተዘረረ፣
እንጨት ያቃና ሰው እሱ ተሰበረ።"

ሙሾው ስለ እሱ መሆኑ ሲገባው ወጥቶ አለሁ ማለት ነበረበት። ግን እውነቱን እንናገርና፣ ደስ አለው። ሰው እንዲህ ይወደኝ ኖሯል ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቀጣዩን ስንኝ ጠበቀ። ያን ጊዜ ነው አንዱ ዞር ብሎ ያየው፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ነጭ፣ አፍ የሌለው፣ ጉንጩ ክብ ክብ የሆነ ነገር። የድንኳኑ ምሰሶ ወደቀ፣ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ አጥር ዘለለ። አገኘሁ እኔ ነኝ ቢልም ድምፁ ከጭምብሉ ሥር ከእንስራ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ይብስ አስበረገጋቸው።

እቴነሽ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። የጡሩምባውን ድምፅ ቤተ ክርስቲያን ሆና ሰምታለች፤ እሷም እንደ ሰፈሩ ነው ያሰበችው። ከደጀ ሰላሙ ጀምሮ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጥታ ድንኳኑን ስታይ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ነጩን ሰው አየች። የገዛችውን ጭምብል ማን ሊያሳስታት! ተነሥታ ደረቱን በሁለት እጇ ደጋግማ ደበደበችው፤ ብናኙ ቡን አለ። አልቅሳ የማታውቅ ይመስል እየጮኸች አለቀሰች። አገኘሁ ጭምብሉን አውልቆ ያዛት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞትን የፈራው።

ሙሉሐብት እያለከለከ መጣ። "ድንኳኑን ወዴት አደረሳችሁት? ያረፉት አያ ንብረት ናቸው" አለ።

አያ ንብረት ሌሊቱን ሙሉ ሲስሉ አድረው ነው ያለፉት፤ ቤታቸው አንድም ለቀስተኛ አልደረሰም። ፈንታሁን ላቡን እየጠረገ መጥቶ ጡሩምባዋን በሁለት እጁ ዘረጋ። "አያ አገኘሁ፣ ይውሰዱልኝ፤ እኔስ ሕያው ሰው ልቀብርባት ነበር" አለ።

አገኘሁ ተቀብሎ መንገድ ላይ ወጣ። ነፋ። አንደኛው ሰፈሩን ሞላ፣ ሁለተኛው ጋፋት ተሻገረ፤ በሦስተኛው መጨረሻ ላይ የምትሰበረዋ ድምፅ ያን ቀን በብልሃት የመጣች አልነበረችም። ከዚያ በማይቆራረጥ ትንፋሽ የመምህሩን ስም ጠራ።

ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ቦታው ሄደ። የሬሳ ሳጥኑን አገኘሁ በእጅ መላጊያ፣ እዚያው ጥላው ሥር፣ ጭምብሉን አጥልቆ ሠራው፤ ማንም አልቀለደበትም። ማታ ከቀብር ሲመለስ እቴነሽ ከዱሮ ልማድ ወተቱን በጣሳ ቀድታ አቀረበችለት። ተቀብሎ ጣሳውን መለሰላት።

"ለጥጃዋ ስጪያት" አለ። "አያ ንብረት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጥተውታል።"