የእኔ ያልሆነ ስንፍና

ወሎ ሰፈር ያለው የመንግሥት ጋራዥ የገባሁ ዕለት፣ ፎርማኑ ጋሽ ድንቁ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ የከባድ መኪና ጎማ አሳዩኝ። «እስቲ አንሳው» አሉ። ከነቸርኬው አቅፌ አነሳሁት። «በል፣ ጎሚስታ ነህ» ብለውኝ ሄዱ። ቅጥሬ ይኸው ነበር።

ለዓመታት ጎማ ስፈታ፣ ስለጥፍ፣ ስገጥም ኖርኩ። መኪና ማንሻው ክሪክ ሲጠፋ ባልደረቦቼ «ወርቁን ጥሩት» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዚያ ክንዴ ከዳኝ። መጀመሪያ ብሎን ማላላት አቃተኝ። ቀጥሎ ቁጢጥ ካልኩበት ለመነሳት የመኪና በር መያዝ ጀመርኩ። ሰው በሸሚዝ ሲውል እኔ ካፖርት ለብሼ እንቀጠቀጣለሁ። ፊቴ ደግሞ አበጠ። «ተመችቶታል፣ ወፈረ!» አሉ። ምቾት እቴ!

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ሂስና ግለሂስ የሚባል ስብሰባ ነበር። ሠራተኛው ጥፋተኛ ያለውን ይወቅሳል፤ ተወቃሹም ተነስቶ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል። አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነ።

«ጓድ ወርቁ ሆን ብሎ ሥራ እያጓተተ ነው» አለ የጋራዡ ካድሬ። «ይህ አሻጥር ነው!»

«አሞኝ ነው፤ ጉልበት አጣሁ» አልኩ።

«ትኩሳት አለህ? ቁስል አለህ? እስቲ አሳየን።»

የማሳየው አልነበረኝም። ጋሽ ድንቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ በአሻጥር ትታሰራለህ። ሰንፌያለሁ በልና ተገላገል» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። ተነስቼ «ሰንፌያለሁ፣ እታረማለሁ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

በማግስቱ መኪና አጣቢ አደረጉኝ። በዚያ ብርድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻ ባለቤቴ ከአልጋ እየጎተተች ማንሳት ሲታክታት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ፣ እግሬ ዝግ ብሎ ሲመለስ አየና ደሜን አስመረመረ። «አንገትህ ላይ ያለችው ዕጢ ሥራዋን ቀንሳለች። ጡንቻህን ያደከመችው እሷ ናት» አለኝ። በየማለዳው የምውጠው ክኒን አዘዘልኝ። ወራት ቢፈጅም ክንዴ ተመለሰ።

ደስ ብሎኝ ወደ ካድሬው ሄድኩ። «ጓድ፣ ለካ በሽታ ነበር። ሐኪሙም አረጋግጧል። ወደ ጎማዬ መልሱኝ፤ ሰነፍ የሚለውንም ስም አንሱልኝ» አልኩት።

«ሐኪሙ ስብሰባው ላይ ነበር?» አለኝ። «ሰንፌያለሁ ያልከው ራስህ ነህ። ማን አስገደደህ?»

እዚያው የነበሩትን ጋሽ ድንቁን አየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብሎን መልቀም ጀመሩ።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ፣ ጎማ በሚያነሳ ክንድ መኪና አጠብኩ።

ወጣቶች፣ ጉልበት የከዳውን ሰው መጀመሪያ ሐኪም ቤት ላኩት። ያላጠፋችሁትን ደግሞ፣ ለመትረፍ ብላችሁም ቢሆን፣ አጠፋሁ አትበሉ። እሱ ክኒን የለውም።