አባባ ያዘገየው ደወል

ጎንደር ካለው ቤታችን አጠገብ ብየዳ ቤት አለ፣ መዶሻው ብረት ላይ ባረፈ ቁጥር ያደግንባት የሱዳኗ ገዳሪፍ ትመጣብኛለች። አባባ የሚዛኑን ሳህን በኪሎው ብረት ሲመታው ልክ እንዲህ ነበር የሚጮኸው።

አባባ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሰሊጥ የሚመዝን ባለሱቅ ነበር። ሚዛኑ እንደማይዛነፍ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ የኛ የኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ ሲያቋቁም «ሰዓቱን ሐጅ ይያዙልን» አሉት፣ እሱም ሚዛኑን ተሸክሞ እየሄደ የተናጋሪው ሰዓት ሲሞላ ሳህኑን ጧ! ያደርገው ነበር። ለቲያትር ክበቡም ባዶ የሰሊጥ ጆንያ ያመጣል፣ እናታችን መጋረጃ አድርጋ ትሰፋዋለች፣ ከዚያ ንጉሥ ሆኖ የሚሠራው ልጅ ጸጉሩ ላይ የመጋረጃው ሰሊጥ ተነስንሶበት ብቅ ሲል አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

በደወሉ ግን ቀልድ የለም። ዳይሬክተሩን ሳይቀር በንግግራቸው መሃል አስቁሟቸዋል። «ወላሂ፣ እኚህ ሰውዬ አንጀት የላቸውም!» እያሉ ያሙት ነበር፣ እሱም ሰምቶ ደስ ይለው ነበር።

ሱዳኖቹ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር እግር እየያዘ ገበያው ይቀዘቅዝ ነበርና፣ የክርክር ክበቡ አባል የሆነችው ታላቅ እህቴ ራቢያ ሱቁ ውስጥ ለልምምድ ከጆንያዎቹ ጋር ስትከራከር ትውል ነበር። አባባ ደግሞ ሰማዩ በአገሩ በኢትዮጵያ በኩል ሲጠቁር ወደ ደጅ ወጥቶ ይቆማል፣ ዝናቡ ሲጀምር እጁን ዘርግቶ ፊቱን ያብስበትና ወደ ሱቁ ይመለሳል። ስለ አገሩ ስንጠይቀው መልሱ «ተዉኝ እስቲ» ነበር።

አጨዳው አልፎ ብርዱ ሲመጣ ትልቁ ውድድር ደረሰ። ያሸነፈ ከሰላ ከተማ ሄዶ ይወዳደራል፣ ራቢያም ለዚያ ብላ ጠርሃዋን፣ የራስ መሸፈኛዋን፣ አጥባና ተኩሳ ሰቅላዋለች። ርዕሱ «ወደ አገር መመለስ ወይስ ባደጉበት መቅረት» ነበር፣ በዕጣ «መመለስ» የሚለው ወገን ደረሳት፤ አገሩን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ልጅ!

ንግግሯ መጨረሻ ላይ «አባቴ» አለች። «አባቴ ኸሪፍ በመጣ ቁጥር ደጅ ይቆማል። የናቱን መቃብር አላየም። ፊቱን ሲያብስ ዝናብ የሚመስላቸው አሉ፣ እኛ ልጆቹ ግን እናውቃለን።» አባባ ኪሎውን ብድግ እንዳደረገ ቀረ። ሰዓቱ ሞላ፣ አለፈ፣ እሷ ስለዚያ አይታው ስለማታውቀው ቤት እየቀጠለች ነው፣ እሱ እጁ አየር ላይ ነው። የተቃራኒው ቡድን መምህር ተነስቶ «ያ ሐጅ! ሰዓቱ እኮ አለፈ!» ሲል ደንግጦ መታው። ሰዓት ያሳለፈ ይሸነፋልና ራቢያ ተሸነፈች።

ስንመለስ ሪክሻው፣ ባጃጁ፣ ውስጥ አባባ ሚዛኑን ጭኑ ላይ አቅፎ «ልጄን እኔ ነኝ የጣልኳት» ይል ነበር። ራቢያ «ማዓሌሽ አባባ፣ ምንም አይደል፣ ለዓመቱ ኢንሻአላህ» አለችው።

ለዓመቱ ውድድሩ ሳይደርስ፣ ኸሪፉ ሲወጣ አባባን ወባ ወሰደው፣ እዚያው ገዳሪፍ ቀበርነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ካርቱም ጦርነት ሲነሳ ትምህርት ቤታችን በተፈናቃይ ተሞላ፣ የእናታችንን መጋረጃ ቆራርጠው ቤተሰብን ከቤተሰብ ከለሉበት። እኛም በመተማ በኩል ወጣን። አገሩን የናፈቀው እሱ፣ የተመለስነው እኛ።

ራቢያ ዛሬ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ የክርክር ክበቡንም ትደግፋለች። አሁን ሰዓቱን የሚይዘው ስልክ ነው፤ ጢጥ ይላል፣ በቃ። በቀደም ከውድድር ስንመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ በረንዳ ሥር ተጠልለን «ያን ቀን አባባ በጊዜው ቢመታው ከሰላ ትሄጂ ነበር አይደል?» አልኳት።

ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። «ንግግሬን በሰዓቱ ጨርሼ ነበር እኮ» አለችኝ። «ልቀመጥ ስል ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ሲያዳምጠኝ አይቼው አላውቅም። እንዴት ብዬ ላቁም?»

«ነገርሽው?»

«ለዓመቱ ሳሸንፍ እነግረዋለሁ ብዬ…»

እስከዚያ ዕለት ያን የብረት ድምፅ ስሰማ «አንጀት የላቸውም» የሚሉት ትዝ እያለኝ እስቅ ነበር። አሁን የማየው እጁ አየር ላይ እንደቀረ ነው፤ ልጄን ጣልኳት እያለ የሄደው አባቴ፣ አልጣልካትም የሚለው ሰው ሳያገኝ።