በቅቤ የተገዛው ፈረስ

ልጅ ሳለሁ ጎባ ውስጥ ቅቤ ሰጥቶ መጽሐፍ የሚወስድ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ። አደ መርየማ እንላቸዋለን፤ አደ እንደ እትዬ ያለ ማክበሪያ ነው። የጓሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ በገበያ ቀን ከሲናና ገበሬዎች የሰበሰቡትን ቅቤ ይሸጣሉ፣ ማታ ደግሞ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተረት ይነግራሉ። እኔ ዛሬ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ያረጁ የልጆች ተረት መጻሕፍት ቤቴ አከማችቼ የተቀመጥኩት አሮጊት፣ ይህን አመል ከየት አመጣሽው ሲሉኝ «እንዲያው ነው» ብዬ አልፋለሁ። እንዲያው አይደለም። ስለማፍር ነው።

ያኔ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስለነበረች ሹም ይመጣል ሹም ይሄዳል፤ መሐንዲሱም ሐኪሙም ፈረንጅ አስተማሪውም እንደዚያው። ሲሄዱ ልጆቻቸው የጠገቧቸውን ባለሥዕል መጻሕፍት ጥለው ይሄዳሉ፣ መጻሕፍቱም ዞረው ዞረው ገበያ ላይ ስኳርና ጨው ቸርቻሪዎች እጅ ይገባሉ። ቸርቻሪ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? ገጹን ገንጥሎ ስኳር ይጠቀልልበታል። አደ መርየማ ይህን ቆመው ማየት አይችሉም ነበር። ቅቤያቸውን ለሰው አደራ ብለው «ኧረ በአላህ! ተው እንጂ አንተ!» እያሉ ይደርሱና፣ አንድ ጭልፋ ቅቤ በኮባ ቅጠል አድርገው ሰጥተው መጽሐፉን ከመቀደድ ያስጥሉታል። ነጋዴው ሁሉ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ደግሞ ያገኙትን ሁሉ አይወስዱም። አዲስ የሚመስለውን ገፋ ያደርጉና ጥጉ የታጠፈውን፣ ጀርባው በክር የተሰፋውን፣ የልጅ ጣት ያወዛውን ይመርጣሉ። «ይሄ ልጅ አስቋል» ይላሉ እያገላበጡ። «ያኛውን ማንም አልነካው። ምን ቢኖረው ነው?» እኔም እስከ ዛሬ መጽሐፍ የምመርጠው እንደዚያ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት ማውራት ከብት ያጠፋል ስለሚሉ፣ የመግሪብ ሶላታቸውን እስኪጨርሱ በር ላይ ቆመን በብርድ እንንቀጠቀጣለን። ከዚያ እንገባለን። የጽድ እንጨት እየተንጣጣ ይነዳል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሳል፣ ኩራዙ ከሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፣ የልጅ ልጃቸው ከድር ደግሞ ከጎናቸው ሆኖ ገጽ ይገልጣል። ከድር ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ስለሞተችበት እሳቸው ናቸው ያሳደጉት። አደ መርየማ «ዱሪ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ ድሮ ማለት ነው። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቅቤ የለመደ ጣት ስለሆነ መስመሩ ላይ ወዙ ይቀራል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጨለማ ደን በሳቸው አፍ ሐረና ይሆናል፤ አፍንጫው የረዘመው ንጉሥ ጊኒር ላይ ሚዛን የሚያዛባ ነጋዴ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ያነባሉ ወይስ አያነቡም ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። ከድርማ ትምህርት ቤት ሄዶ «አያቴ የፈረንጅ መጽሐፍ ታነባለች» እያለ ደረቱን ይነፋ ነበር።

አምስተኛ ክፍል አንደኛ የወጣሁ ጊዜ ነው ነገር የተበላሸው። አስተማሪያችን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሸለሙኝ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያው ሰሞን ሶስና የምትባል የመኮንን ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ክፍላችን ገባች። ዘለበት ያለው ጥቁር ጫማ ነበራት። እግዜር ይይልኝ፣ ያን ጫማ ሳይ ልቤ ይጠፋ ነበር። አብራኝ እንድትውል ያላደረግሁት የለም፤ በመጨረሻም «እኛ ሰፈር መጽሐፍ የሚያነቡ ሴትዮ አሉ» ብዬ ይዣት መጣሁ።

አደ መርየማ የዚያን ዕለት አዲስ ያመጡት መጽሐፍ ነበር፤ ክንፍ ያለው ነጭ ፈረስ ሽፋኑ ላይ አለበት። ለእንግዳዋ ቁርበት አነጠፉላት፣ ወተት ሰጧት፣ ጀመሩ። ፈረሱ ውሃ ጠምቶት አገር ላገር ይበራል። የሮቤን የገብስ ማሳ በላዩ ያልፋል፣ ወንዝ ያገኛል፣ ወንዙ ግን «አንተ ክንፍ አለህ፣ ውሃዬን ይዘህ ትበራለህ» ብሎ ይከለክለዋል። ምንጭም ይከለክለዋል። ጉሮሮው ደርቆ ክንፉ ሊዝል ሲል አንድ ቀይ ቀበሮ «ሳነቴ ላይ ማንንም የማይከለክል ሐይቅ አለ፣ ግን ብርዱን ትችለዋለህ?» ይለዋል። ፈረሱ ከጎባ በላይ ወዳለው ወደ ሳነቴ ተራራ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ከድር አፉን ከፍቶ ቀርቷል። እኔም ከፍቼ ነበር፤ ዘወር ስል ግን ሶስና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

«እውነት እንደዚህ ነው የተጻፈው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሳነቴ የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ አለ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በአደ መርየማ አፈርኩ፣ በጭሱ አፈርኩ፣ በቁርበቱ አፈርኩ። ብድግ ብዬ፣ «አይደለም! አደ መርየማ ማንበብ አይችሉም፤ ከራሳቸው ፈጥረው ነው የሚያወሩት!» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ከድር ተነስቶ ቆመ። «ውሸቷን ነው! አኮ ታነባለች! አይደል አኮ?» አኮ የሚለው አያቱን ነው።

አደ መርየማ ወደ እሳቱ እያዩ «እውነቷን ነው ልጄ» አሉት። «ፊደል የለኝም። ሥዕሉን አይቼ ነው።» ከዚያ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ወደኔ ዘረጉት። «እንኪ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንብቢላቸው።»

ተቀበልኩ። ኩራዙ ሥር ተጠጋሁ፣ ገጹን ገለጥኩ፣ ያኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የማውቀው «ፈረስ» የሚለውንና «ውሃ» የሚለውን፣ ደግሞ እዚህም እዚያም ያሉ ትንንሽ ቃላትን ነበር። አላውቀውም ማለት አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «አነበብኩ»። «ፈረሱ ጥሩ ፈረስ ነበረ። ፈረሱ ውሃ ወደደ። ፈረሱ ሄደ።» ገጽ እገልጣለሁ፣ «ፈረሱ አሁንም ሄደ» እላለሁ። ከራሴ ፈጥሬ፣ ያውም እንዲህ አድርጌ! ልጆቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ሶስና አዛጋች። ከድር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። አደ መርየማ «ጎበዝ፣ አላህ ያሳድግሽ» አሉኝ። ፍሙን በአመድ አለበሱት፣ እኛም ወጣን።

ከዚያ በኋላ ተረት አልነገሩም። ልጆች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ «ዛሬ ደክሞኛል» ይሏቸዋል፤ በኋላ የሚቆምም ጠፋ። ከድርን ትምህርት ቤት «አንባቢው» እያሉ ያበሽቁት ነበር፤ ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል። አንድ የገበያ ቀን እናቴ የገዛችውን ጨው ስትፈታ መጠቅለያው ላይ አንዲት ልጅ ኤሊ ላይ ተቀምጣ በባሕር ስትሄድ ትታያለች፤ የገጹ ጥግ በልጅ ጣት ወዝቷል። ቅቤ ሰጥቶ የሚያስጥለው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ያንን ወረቀት እንደያዝኩ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። የሳቸው አጥር ደግሞ ከኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አልሄድኩም። ይቅርታ የሚባለውን ቃል አማርኛ ላይ ያጣሁት ይመስል ዝም አልኩ።

በዓመቱ አባቴ፣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፣ ወደ አሰላ ተዛወረ። ዕቃችን መኪና ላይ ሲጫን አደ መርየማ መጡ። ለእናቴ የመንገድ ቅቤ ሰጧትና ለኔ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ዘረጉልኝ። ፈረሱ ነበር።

«ኢንተለ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። «ያን ማታ ቸኮልሽ መሰለኝ፣ በጣም አሳጠርሽው። ስታድጊ ደህና አድርገሽ አንብቢና ምን እንደሚል ላኪብኝ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አውቀውብኛል። ዓይናቸው ውስጥ ግን ፌዝ የሚባል አልነበረም፤ የእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። «እሺ፣ እልክብዎታለሁ» አልኩ።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አነበብኩት። ያን ማታ እስካቆሙበት ገጽ ድረስ በየመስመሩ የጣታቸው ወዝ አለ። የመጨረሻው ቅጠል ግን ተገንጥሏል፤ ከሳቸው በፊት የአንዱን ቤት ስኳር ይዞ ሄዷል። ያን ማታ መጨረሻው ገጽ ያልኩት መጨረሻ እንኳ አልነበረም። ሙሉውን ሳገኝ እጽፍላቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰበብ ነው፤ ያለኝንም መጻፍ እችል ነበር። አሮጌ መጽሐፍ መፈለግ የጀመርኩት ግን በዚያ ሰበብ ነው፣ ስፈልግ ሌላውን አገኛለሁ፣ ጥጉ ታጥፎ ሳየው እወስደዋለሁ፣ ዓመቱ ይሄዳል። የፈረሱን ሙሉ መጽሐፍ አዲስ አበባ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብ ላይ ሳገኘው ፀጉሬ ሸብቷል። አደ መርየማም ካረፉ ቆይተው ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ለለቅሶ ጎባ ሄጄ ስለ ከድር ጠየቅሁ። ሮቤ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል አሉኝ። መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ራሰ በራ ሆኗል፤ አፍጥጦ አየኝና «አልማዝ?» አለ። በርጩማ አቀረበልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ለይቅርታ ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«ፈረሱ ውሃውን አገኘ?» አለኝ። «አኮን ስንቴ ለመንኳት። ‹እሷ ትልክልናለች፣ ጠብቅ› አለችኝ። እስክትሞት ድረስ እንደዚያ ነው ያለችኝ።»

መጽሐፉን አወጣሁና መጨረሻውን ገጽ ገልጬ፣ አሁን አንድም ቃል ሳልጨምር አነበብኩለት። ፈረሱ ደክሞት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ጌታው ገንዳ ላይ ውሃ ይሞላለታል፣ ጠጥቶ ይታሰራል።

«አኮ ወደዚያ አትወስደውም ነበር» አለ ከድር።

«አውቃለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ይቅርታ ያልኩት፣ እሱም «ተይው፣ ልጅ ነበርሽ» አለኝ። ልጅ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን ሃምሳ ዓመታት ግን ልጅ አልነበርኩም። ሁለቱም መጻሕፍት ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ሙሉ ነው፣ አንዱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ፈረሱ ሳነቴ ላይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አደ መርየማ ሊናገሩት ሲሉ እኔ ብድግ አልኩ።