አክስቴ እጄን ሲያስታጥቡኝ

"ይቺ ምላስ ጠበቃ ካልሆነች ማን ይሁን!" ያሉኝ አክስቴ ነበሩ። አፋቸው ሰመረና ንፋስ መውጫ ከተማ ቢሮ ከፍቼ ለዓመታት በድንበርና በውርስ ክርክር ጉሮሮዬን ሳደርቅ ኖርኩ። ኋላ ሕዝቡ መርጦኝ የክልሉ ምክር ቤት ገባሁ። እዚያም ዝም አላልኩም። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ በታች ባለው የአክስቴ ቀበሌ ሴቶቹ ውሃ ከገደል ሥር በጀርባቸው ያወጡ ነበር፤ ቦኖ ካልተተከለላቸው ብዬ ሰዉን እስካሰለች ድረስ ተሟገትኩ። ተተከለ። ሲመረቅ እልል ተባለልኝ፤ ደረቴን ነፋሁ፣ ምን እደብቃለሁ!

የምክር ቤቱ ዘመኔ ሲያበቃ የመንግሥት ኦዲተር ሆንኩ። አክስቴ ይህን ሲሰሙ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ አንቺ ልጅ ምነው ብታርፊ!" አሉኝ። እኔ ያለሁበት ክፍል ግን ሒሳብ አይቆጥርም። የሚያየው የተሠራው ነገር ለሰው ጠቅሟል ወይ የሚለውን ነው።

ባለፈው ዓመት የስማዳ ወረዳ ቦኖዎች የሚመረመሩበት ተራ ደረሰ፤ የአክስቴም ቀበሌ አለበት። ያስተከልኩትን እኔው ልመረምር አይገባም ብዬ ነበር። አለቃዬ "መርማሪው ባልደረባሽ ነው፤ አንቺ መንገድ አሳዪው፣ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" ብሎ ላከኝ።

ስንደርስ አገር ምድሩ ተሰብስቦ ጠበቀን። ባልደረባዬ ቧንቧውን ቢከፍተው ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። "ችግር አለባችሁ?" ሲላቸው በአንድ አፍ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብን!" አሉት። "ይሠራል" ብሎ ጻፈ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባልደረባዬ ከሰዉ ጋር ሲጫወት ቀረ፤ እኔ አክስቴ ቤት ለምሳ ገባሁ። እጄን ሊያስታጥቡኝ ጆግና ሳህን ይዘው ቀረቡ። ውሃውን እንደ ክር አቅጥነው ጠብ ጠብ አደረጉልኝና ጣቶቼ ሳይርሱ ጆጉን ቀና አደረጉት። እጣቢውንም ለጓሮው ጎመን ብለው ጥግ አስቀመጡት። በገደሉ ዘመን ነበር እንዲህ የሚያስታጥቡኝ። ደጁ ላይ ቧንቧ ያለው ሰው ውሃ እንዲህ አይሰስትም።

"አክስቴ፣ ቦኖው ይሠራል?"

"ብዪ እንጂ ልጄ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።"

"በማርያም!" ብዬ ያዝኳቸው።

ጆጉን አስቀምጠው አለቀሱ። ፓምፑ ከተበላሸ፣ ቦኖው ከደረቀ ቆይቷል። እኔ እንደምመጣ ሲሰማ ሴቶቹ ጎሕ ሳይቀድ ገደል ወርደው፣ በጄሪካን እየተሸከሙ የቦኖውን ታንከር ሞልተውታል።

"በአንቺ አፍ የመጣ ውሃ ነው" አሉኝ። "በቢሮ ሰው ፊት ደርቆ ልጃችንን ያዋርድ?"

ንዴቱም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ። "እኔን ለማክበር ብላችሁ ዕድሜ ልካችሁን ገደል ልትወርዱ ነው? ዛሬ 'ይሠራል' ከተባለ እኮ ጠጋኝ አይመጣላችሁም!"

"አንቺስ? 'ያስተከለችው ደረቀ' ቢሉሽ?"

"ይበሉኝ!"

ምሳውን ትቼ ወጣሁ። ሰዉ ገና አልተበተነም። ባልደረባዬን "ዛሬ ምስክር ነኝ፤ ጻፍ" አልኩት። "እኔ የተሟገትኩለት ቦኖ ደርቋል። ያየኸው ውሃ በሴቶች ጀርባ የመጣ ነው።" ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ያኔ አክስቴ ከኋላዬ ደርሰው "እውነቷን ነው፤ እኔም ተሸክሜያለሁ" አሉ። አንዷ ጎረቤታቸው "እኔም" አለች። ከዚያማ ማን ዝም ይላል! ባልደረባዬ የጻፈውን ሰርዞ እንደ አዲስ ጀመረ።

ሪፖርቱ ምክር ቤት ቀርቦ ሲሰማ የድሮ ጓደኞቼ "ያስመረቅሽውን ቦኖ ራስሽ ከሰስሽ!" እያሉ ሳቁብኝ። እነሱ ይሳቁ፤ ፓምፑ ተቀየረ፣ የሚጠብቀው ሰውም ሠለጠነ።

ሰሞኑን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ጆጉን እስከ አፉ ሞልተው መጡ። እስከ ክርኔ አፈሰሱብኝ፤ ከሳህኑ ተርፎ ቀሚሴን አራሰው፣ መሬቱ ጨቀየ።

"ኧረ በቃኝ፣ አክስቴ!"

"ዝም ብለሽ ታጠቢ!" አሉኝና ጆጉን ደግመው ሊሞሉ ወደ ደጅ ወጡ።